ጥቅስና ስሌት በሊስፕ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሊስፕ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፤ ኮመን ሊስፕ፣ ስኪም፣ ራኬት፣ ክሎጀርና ኢማክስ ሊስፕ ዘዬዎቹ ናቸው። በምሳሌዎቹ ውስጥ የሊስፕን የትእዛዝ ስሞች እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ከፍላጻው (⇒) በስተቀኝ ያለው ኮምፒውተሩ የሚመልሰው ነው።

ሊስፕ አንድን አገላለጽ «ያሰላል» ሲባል ምን ያደርጋል ማለት ነው?

ሦስት ደንቦችን ይከተላል። ቁጥር ሲያገኝ ያንኑ ቁጥር ይመልሳል። ስም፣ በሊስፕ አጠራር ሲምቦል፣ ሲያገኝ በዚያ ስም የተቀመጠውን ዋጋ ፈልጎ ያመጣል። በቅንፍ የታጠረ ዝርዝር ሲያገኝ ደግሞ የመጀመሪያውን አባል እንደ ሥራ፣ የቀሩትን ሥራው እንደሚሠራባቸው ግብዓቶች ይቆጥራል፤ ግብዓቶቹን አስልቶ ውጤታቸውን ለሥራው ያስረክባል።

```
(ዲፋይን ሀ 5)
ሀ                ⇒ 5
(+ ሀ 2)          ⇒ 7
(* (+ ሀ 2) 10)   ⇒ 70
```

ዲፋይን ለሀ 5 የሚል ዋጋ ይሰጣል። በመጨረሻው መስመር የውስጠኛው ቅንፍ መጀመሪያ 7 ሆነ፤ ማባዣው ሥራውን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። `(+ ሀ 2)` የሚለውን ጽሑፍ ማባዣው ከነጭራሹ አላየውም፤ እጁ የገባው 7 ብቻ ነው። ይህን ልብ ይበሉ፤ ከታች ካሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚነሱት ከዚህ ነው።

ታዲያ ያቺ ነጠላ ጭረት (') ሥራዋ ምንድን ነው?

ስሌትን ማስቆም። ሌላ ሥራ የላትም።

አበበ ረጅም ነው ስንል የምናወራው ስለ ሰውየው ነው። «አበበ» ሦስት ፊደል ነው ስንል ግን ሰውየውን ትተን ስለ ስሙ እያወራን ነው። በጽሑፍ ላይ ይህን ልዩነት በትእምርተ ጥቅስ እናሳያለን፤ ሊስፕም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሀ ብለን ስንጽፍ በስሙ የተቀመጠውን 5 እናገኛለን፤ ጭረቷን ስናስቀድም ስሙን ራሱን እናገኛለን።

```
'ሀ               ⇒ ሀ
'(+ ሀ 2)         ⇒ (+ ሀ 2)
(ካር '(+ ሀ 2))    ⇒ +
```

ካር የአንድን ዝርዝር የመጀመሪያ አባል የሚመልስ ፈንክሽን (ግብዓቱ ተሰልቶ የሚደርሰውና ውጤት የሚመልስ ሥራ) ነው። በሦስተኛው መስመር የመደመር ምልክቱ ምንም አልደመረም፤ በአንድ ዝርዝር መግቢያ ላይ የተቀመጠ ተራ ሲምቦል ሆኗል።

ሌሎች ቋንቋዎች ያለዚህ ይኖሩ የለም? ለሊስፕ ለምን አስፈለገው?

የሊስፕ ፕሮግራም ራሱ የሚጻፈው በዝርዝር ስለሆነ ነው። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1958 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊስፕን መንደፍ ሲጀምር ያሰበው ሁለት የተለያዩ አጻጻፎችን ነበር፤ አንዱ ለፕሮግራሙ፣ ሌላው ፕሮግራሙ ለሚሠራበት ዳታ። በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ተለዋዋጮቹ (ዋጋ የሚቀመጥባቸው ስሞች) በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ዳታው በትልልቆቹ ተጽፈዋል። አንዱን ከሌላው የሚያምታታ አልነበረም፤ ጥቅስም አላስፈለገም።

በዚያው ጽሑፍ ላይ ግን የፕሮግራሙን አጻጻፍ ወደ ዳታው አጻጻፍ የሚለውጥ ደንብ አወጣ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ልብስ ለበሱ። አሁን ሀ የሚል ነገር ሲገኝ ተለዋዋጭ ይሁን ዳታ በመልኩ አይታወቅም። ስለዚህ ዳታው ሁሉ ኩዎት በሚል ቃል ተጠቅልሎ እንዲቀመጥ ደነገገ። ጥቅስ የሁለቱ አጻጻፎች ጋብቻ የወለደው ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ጋብቻው ባይኖር ልጁም ባልኖረ፤ ግን ያን ጊዜ ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም በዚህ ቅለት መጻፍም ባልተቻለ ነበር።

'ሀ እና (ኩዎት ሀ) ልዩነት አላቸው?

የላቸውም። ጭረቷ ምህጻረ ቃል ናት። ማንኛውም የሊስፕ ጽሑፍ ከመሰላቱ በፊት «አንባቢ» የሚባለው ክፍል ፊደሎቹን ወደ ዝርዝርና ሲምቦል ይለውጣቸዋል፤ 'ሀ የሚለውን ሲያገኝም (ኩዎት ሀ) የሚል ዝርዝር አድርጎ ያስረክባል። ስሌቱ ሲጀመር ጭረቷ ከቦታው የለችም።

ኩዎት ፈንክሽን ነው?

አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ፈንክሽን ቢሆን ኖሮ ግብዓቱ ቀድሞ ይሰላ ነበር፤ (ኩዎት ሀ) ስንል ኩዎት የሚደርሰው 5 ይሆን ነበር። ስሌትን እንዲያስቆም የተጠራው ራሱ ከስሌት በኋላ ከደረሰ ምን ይረባል? ስለዚህ ከተለመደው ደንብ ውጪ የሚስተናገዱ ጥቂት ቃላት አሉ፤ «ልዩ ቅርጾች» ይባላሉ። ዲፋይንም አንዱ ነው፤ ባይሆን ኖሮ (ዲፋይን ሀ 5) ስንል ገና ያልተሰየመውን ሀ ለማስላት ይሞክርና ስህተት ይመልስ ነበር።

ኢፍም እንደዚሁ ነው። ተራ ፈንክሽን ቢሆን እውነቱም ሐሰቱም ቅርንጫፍ ቀድመው ይሰላሉ፤ «ፋይሉ ካለ ሰርዘው፣ ከሌለ ፍጠረው» የሚል ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ያደርግ ነበር። ማክሮዎችም፣ ማለትም ፕሮግራም ጽፈው የሚመልሱ ትእዛዞች፣ ግብዓታቸውን ሳይሰላ ይቀበላሉ። አንድ ቃል ፈንክሽን ይሁን ማክሮ ካላወቁ ከግብዓቶቹ የትኛው እንደሚሰላ አያውቁም ማለት ነው፤ ጀማሪን የሚያደናግረው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ መድኃኒቱም የቃሉን ማብራሪያ ከማንበብ ሌላ የለም።

ቁጥርና ስትሪንግ መጥቀስ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ቁጥርና ስትሪንግ (በትእምርተ ጥቅስ የታጠረ ጽሑፍ) ቢሰሉም ያው ራሳቸውን ነው የሚመልሱት፤ '5 እና 5 ውጤታቸው አንድ ነው። በኮመን ሊስፕና በክሎጀር በሁለት ነጥብ የሚጀምሩ ቁልፍ ቃላትም፣ ለምሳሌ `:ቀለም`፣ እንዲሁ ናቸው። ቬክተር (አባላቱ በተራ ቁጥራቸው የሚጠሩ ስብስብ) ላይ ብቻ ይጠንቀቁ፤ የስኪም መለኪያ ሰነድ ቬክተርን ያለ ጥቅስ መጻፍ የፈቀደው በ2013 በወጣው ሰባተኛ እትሙ ነው። ክሎጀር ደግሞ የቬክተርን አባላት አንድ በአንድ ያሰላቸዋል፤ ኮመን ሊስፕና ስኪም ግን አባላቱን ሳይነኩ እንዳሉ ይተዋቸዋል።

ሲምቦልና ስትሪንግ ሁለቱም ፊደላት አይደሉም?

ሲታዩ ይመስላሉ። ስትሪንግ የፊደላት ቅደም ተከተል ነው፤ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ የያዙ ሁለት ስትሪንጎች በማህደረ ትውስታ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ሲምቦል ግን ስም ነው። በስኪም ወይም በኮመን ሊስፕ ፕሮግራም ውስጥ 'ሰማያዊ ብለው አሥር ቦታ ቢጽፉ አሥሩም አንድ ነገር ናቸው፤ ለማነጻጸርም ፊደል በፊደል ማየት አያስፈልግም፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱ ያው አንድ ነገር መሆናቸውን ብቻ ያያል። ስለዚህ ጽሑፉ ለሰው የሚታይ ከሆነ ስትሪንግ፣ ፕሮግራሙ ለራሱ የሚጠቀምበት መለያ ከሆነ ሲምቦል መጠቀም ይሻላል።

'(1 2 3) እና (ሊስት 1 2 3) አንድ አይደሉም እንዴ?

ሲታተሙ አንድ ይመስላሉ፤ በቁጥር ብቻ ሲሞከሩ ልዩነታቸው አይታይም። ተለዋዋጭ ወይም ስሌት ሲገባባቸው ግን ይለያያሉ።

```
(ሊስት ሀ (+ 1 2))   ⇒ (5 3)
'(ሀ (+ 1 2))       ⇒ (ሀ (+ 1 2))
```

ሊስት ፈንክሽን ስለሆነ ግብዓቶቹ ይሰላሉ። ጥቅስ ግን ዝርዝሩን ከነውስጡ ያግዳል። «ተለዋዋጬን ዝርዝር ውስጥ ከተትኩት፣ ሲታተም ግን ዋጋው ሳይሆን ስሙ ይወጣል» የሚለው አቤቱታ መነሻው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይህ ነው። ሌላም ልዩነት አለ፤ ሊስት በተጠራ ቁጥር አዲስ ዝርዝር ይሠራል፣ ጥቅስ ግን ፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ ያለውን ያንኑ ዝርዝር ይመልሳል። የዚህን መዘዝ ከታች እመለስበታለሁ።

በተጠቀሰ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ሲምቦሎች እንደገና መጥቀስ አለብኝ?

የለብዎትም፤ ቢያደርጉት ያልፈለጉት ነገር ይመጣል። የውጪው ጥቅስ እስከ መጨረሻው ቅንፍ ድረስ ይሠራል፤ የውስጠኛው ጭረት ደግሞ ምህጻረ ቃል ስለሆነ ወደ ኩዎት ተለውጦ ዳታ ሆኖ ይቀራል።

```
'(ሀ ለ)      ⇒ (ሀ ለ)
'('ሀ 'ለ)    ⇒ ((ኩዎት ሀ) (ኩዎት ለ))
```

በዚሁ ምክንያት ራኬትን በሚማሩ ሰዎች ዘንድ አንድ ስህተት ይዘወተራል። በራኬት ፎልስ የሐሰት ዋጋ የተቀመጠበት ስም ነው። '(ትሩ ፎልስ) ብለው ዝርዝር ከሠሩ በኋላ ሁለተኛውን አባል ለኢፍ ቢሰጡት እውነት ነው ይላል። የደረሰው የሐሰት ዋጋ ሳይሆን ፎልስ የሚባል ሲምቦል ነው፤ በራኬት ደግሞ ከሐሰት ዋጋ በስተቀር ሁሉም ነገር እንደ እውነት ይቆጠራል።

ባዶ ቅንፍስ? () ብቻዋን ትበቃለች?

እንደ ዘዬው ነው። በኮመን ሊስፕ ባዶ ቅንፍ ኒል ከሚባለው ሲምቦል ጋር አንድ ናት፤ ኒል ደግሞ ሲሰላ ራሱን ይመልሳል። በክሎጀርም ያለ ጥቅስ ትሠራለች። በስኪም ግን ሥራው ያልተጠቀሰ ጥሪ ተደርጋ ስለምትቆጠር በመለኪያው መሠረት '() ተብላ መጻፍ አለባት። በሁሉም ዘንድ ችግር የማያመጣው ከነጭረቷ መጻፍ ነው።

ከዝርዝሩ አብዛኛው እንዲጠቀስ፣ ጥቂቱ ግን እንዲሰላ ብፈልግስ?

ለዚህ የተሠራው ከፊል ጥቅስ ነው፤ ወደ ኋላ ያጋደለችው ጭረት ምልክቱ ናት። እንደ ተራው ጥቅስ ሁሉን ታግዳለች፤ ኮማ ያለበት ቦታ ላይ ግን ትለቃለች። ኮማና @ አብረው ሲመጡ ደግሞ የተሰላው ዝርዝር ቅንፉ ተፈትቶ አባላቱ በቦታው ይደረደራሉ።

```
(ዲፋይን ቁ '(1 2 3))
`(ሀ ,ሀ)          ⇒ (ሀ 5)
`(ድምር ,ቁ)        ⇒ (ድምር (1 2 3))
`(ድምር ,@ቁ)       ⇒ (ድምር 1 2 3)
`(+ ,@ቁ ,(* 2 ሀ)) ⇒ (+ 1 2 3 10)
```

ባዶ ቦታ የተተወበትን የማመልከቻ ቅጽ ያስቡ፤ የታተመው እንዳለ ይቀራል፣ ባዶው በኮማዎቹ ይሞላል። ማክሮ የሚጽፍ ሰው ይህን መሣሪያ ከእጁ አይለየውም፤ ማክሮ የሚመልሰው ፕሮግራም ነው፣ ያ ፕሮግራም ደግሞ አብዛኛው ቋሚ፣ ጥቂቱ ተለዋዋጭ የሆነ ዝርዝር ነው። ሐሳቡ ከሊስፕም ይቀድማል፤ ፈላስፋው ዊላርድ ኳይን በ1940 ለሥነ አመክንዮ ጽሑፉ ያመጣው ነው።

ክሎጀር ኮማን እንደ ባዶ ቦታ ስለሚቆጥር በፋንታው ~ እና ~@ ይጠቀማል። የእሱ ከፊል ጥቅስ ሌላም ጠባይ አለው፤ በውስጡ ያሉትን ሲምቦሎች ከሚገኙበት የስም ክልል ጋር አያይዞ ይጽፋቸዋል፤ ስለዚህ ውጤቱ ከጠበቁት በላይ ረጅም ስም ይዞ ቢወጣ አይደንግጡ።

የተጠቀሰ ዝርዝር ሳልነካው ተለወጠብኝ። ይህ እንዴት ይሆናል?

ነክተውታል፤ አላወቁትም እንጂ።

```
(ዲፋይን (መነሻ) '(0 0))
(ዲፋይን መ (መነሻ))
(ሴት-ካር! መ 9)
(መነሻ)   ⇒ (9 0) ሊሆን ይችላል
```

መነሻ የሚባለው ፈንክሽን በተጠራ ቁጥር የሚመልሰው ያንኑ አንድ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ የፕሮግራሙ ጽሑፍ አካል ነው። የመጀመሪያ አባሉን ስንቀይር ፕሮግራሙን ራሱን ቀየርነው። እኔ ይህን የተማርኩት ለአንድ ጨዋታ የነጥብ መቁጠሪያ ስጽፍ ነው፤ ሁለተኛው ተጫዋች ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጫወት የመጀመሪያውን ነጥብ ይዞ ከች አለ። ስህተቱን ፍለጋ ነጥብ የሚደምረውን ክፍል ደጋግሜ አነበብኩት፤ ጥፋቱ ግን '(0 0) ላይ ነበር።

«ሊሆን ይችላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የስኪምም የኮመን ሊስፕም መለኪያ የተጠቀሰን ነገር መቀየር አይፈቅድም፤ ከቀየሩት ምን እንደሚሆን ዋስትና የለም። አንዱ ተርጓሚ (ፕሮግራሙን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ዝም ይላል፣ ሌላው ስህተት ያወጣል፣ ሦስተኛው ሁለት ቦታ የተጻፉ ተመሳሳይ ዝርዝሮችን አንድ አድርጎ አስቀምጦ ይሆናል። ስለዚህ በኋላ የሚለወጥ ዝርዝር በሊስት ወይም በኮንስ (በአንድ ዝርዝር ፊት አባል በሚጨምረው ፈንክሽን) ይሠራ። ከፊል ጥቅስም ቢሆን ኮማ ያልነካው ክፍሉ ቋሚ ሊሆን ስለሚችል ከዚህ ጉዳይ ነፃ አያወጣም።

#' የሚለው ምልክትስ ከጥቅስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በኮመን ሊስፕና በኢማክስ ሊስፕ አንድ ስም ሁለት መዝገብ አለው፤ አንዱ እንደ ተለዋዋጭ የያዘው ዋጋ፣ ሌላው እንደ ፈንክሽን የሚሠራው ሥራ። #' ማለት «ከሁለተኛው መዝገብ አምጣ» ማለት ነው። ስሌትን አያስቆምም፤ በጭረቷ ምክንያት የጥቅስ ዘመድ መሰለ እንጂ። ስኪምና ክሎጀር መዝገባቸው አንድ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አያስፈልጋቸውም።

በኢማክስ ሊስፕ ላምዳን (ስም የሌለውን ፈንክሽን) በተራ ጭረት መጥቀስ የቆየ ልማድ ነው፤ ቢቀር ይሻላል። የተጠቀሰ ላምዳ ፈንክሽን የሚመስል ዝርዝር ነው፤ ማጠናቀሪያው ዳታ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ በዙሪያው ያሉትን ተለዋዋጮችም አይዝም።

ጥቅስ ካስቆመ ኢቫል ያስቀጥላል ማለት ነው? ታዲያ ለምን «ኢቫልን አትጠቀሙ» ይባላል?

አዎ፣ ያስቀጥላል፤ (ኢቫል '(+ 1 2)) ሲባል 3 ይመጣል። ኢቫል የሊስፕ ልብ ነው። ማካርቲ በ1960ው ጽሑፍ ያሰፈረው ለንድፈ ሐሳብ ብሎ ነበር፤ ስቲቭ ራስል ግን ወስዶ ለአይቢኤም 704 ኮምፒውተር በማሽን ቋንቋ ጻፈው፤ ሊስፕ የሚሠራ ተርጓሚ አገኘ።

ክልከላው የመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው የስም ጉዳይ ነው። «እመጣለሁ አለ» ስንል በ«እመጣለሁ» ውስጥ የተደበቀው «እኔ» የዚያ ሰው ነው እንጂ አሁን የሚያወራው ሰው አይደለም፤ የተጠቀሰ ቃል በአውሪው አፍ ውስጥ ቢገኝም የአውሪው አይሆንም። የሚከተለውም እንዲሁ ነው።

```
(ሌት ((ነ 1)) (ኢቫል 'ነ))   ⇒ ስህተት፤ ነ አይታወቅም
```

በኮመን ሊስፕ፣ በክሎጀር፣ ሌክሲካል አስተሳሰር (ስም በተጻፈበት ክልል ብቻ የሚታይበት ደንብ) በበራበት ኢማክስ ሊስፕም ኢቫል በዙሪያው ያለውን ሌት (ለአንድ ስም በቅንፉ ውስጥ ብቻ ዋጋ የሚሰጠውን ትእዛዝ) አያይም፤ ስሙን የሚፈልገው ከፕሮግራሙ አጠቃላይ መዝገብ ነው። የስኪም መለኪያ ይህ እንዳይድበሰበስ ብሎ ኢቫል ሲጠራ መዝገቡም አብሮ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። ከሰው የመጣን ጽሑፍ ለኢቫል መስጠት የቤትን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደ መስጠት ነው። በኮመን ሊስፕ እንዲያውም ማንበብ ብቻውን አደጋ አለው፤ #. የሚል ምልክት ያለበት ጽሑፍ ገና ሲነበብ ይሰላል፤ ከውጪ የመጣ ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ይህ ጠባይ መጥፋት አለበት። በተግባር ኢቫል ፈልገው የመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ላምዳ ወይም ማክሮ ሆኖ ይገኛል።

''ሀ ለምን ሀን አይመልስም?

ስሌት አንድ ጥቅስ ብቻ ነው የሚልጠው። ''ሀ ማለት (ኩዎት (ኩዎት ሀ)) ነው፤ የውጪው ሲላጥ (ኩዎት ሀ) ይቀራል። ያ ደግሞ ሁለት አባላት ያሉት ተራ ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ (ካር ''ሀ) ቢሉት ኩዎት የሚል ሲምቦል ያገኛሉ። አንዳንድ ተርጓሚዎች ሲያትሙት 'ሀ አድርገው ያሳጥሩታል፤ ግራ የሚያጋባውም ይህ አስተታተም ነው።

በኬስ ውስጥ 'ቀይ ብዬ ጻፍኩ፤ ይሠራል። ታዲያ ስህተት ነው የሚሉኝ ለምንድን ነው?

የሠራው በአጋጣሚ ስለሆነ ነው። በኮመን ሊስፕ ኬስ አንድን ዋጋ ከተዘረዘሩ ቁልፎች ጋር አነጻጽሮ ቅርንጫፍ የሚመርጥ ትእዛዝ ነው፤ ቁልፎቹን ግን አያሰላቸውም፤ መጥቀስም አያስፈልግም። ('ቀይ 1) ብለው ሲጽፉ አንባቢው ((ኩዎት ቀይ) 1) ያደርገዋል፤ ኬስ ደግሞ በቁልፍ ቦታ ዝርዝር ሲያገኝ «ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ከተስማማ» ብሎ ይረዳዋል። ስለዚህ ቀይ ሲመጣ ይሠራል፤ ኩዎት የሚል ሲምቦል ቢመጣም ይሠራል። 'ቀይ እና 'ቢጫ ብለው ሁለት ቅርንጫፍ ከጻፉ ኩዎት በሁለቱም ውስጥ አለ፤ አሸናፊው የመጀመሪያው ነው። ይህ ዓመታት ሳይታወቅ የሚኖር ዓይነት ስህተት ነው። ፕሮግራምን የሚመረምር ፕሮግራም ሲጽፉ ግን ኩዎት ራሱ እንደ ዳታ መምጣቱ አይቀርም።

ከፊል ጥቅስ በከፊል ጥቅስ ውስጥ ሲገባ የትኛው ኮማ የየትኛው ነው?

ማክሮ የሚጽፍ ማክሮ ሲጻፍ ይመጣል። ደንቡ ቆጠራ ነው፤ ወደ ኋላ ያጋደለች ጭረት በተገኘች ቁጥር አንድ ደረጃ ይወጣል፣ ኮማ በተገኘ ቁጥር አንድ ደረጃ ይወረዳል፤ የሚሰላው ደረጃው ዜሮ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው።

```
`(1 `(2 ,(3 ,ሀ)))   ⇒ (1 `(2 ,(3 5)))
```

የመጀመሪያው ኮማ የውስጠኛዋን ጭረት ብቻ ፈታ፤ ገና አንድ ደረጃ ስለሚቀር ሳይሰላ ታለፈ። ሁለተኛው ኮማ ወደ ዜሮ አወረደውና ሀ 5 ሆነ። ደንቡ ይህን ያህል አጭር ቢሆንም በሦስት ደረጃ የተጻፈን አገላለጽ በዓይን መከታተል አድካሚ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሲገጥመኝ የውስጠኛውን ክፍል ለብቻው ዝርዝር የሚመልስ ፈንክሽን አድርጌ አወጣውና ማክሮው እሱን እንዲጠራ አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ በእያንዳንዱ ቦታ የሚቀረው አንድ ደረጃ ብቻ ነው።